የነጩ ፒክአፕ በሮች

ሞጆ፣ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር ባለው የጋራዦች ሰፈር፣ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የዘርጋው መዶሻ ነበር። ዘርጋው ባትላሜራ ነው፤ የተጨፈለቀ በር፣ የተጨማደደ ኮፈን፣ የታጠፈ ፓራፋንጎ እጁ ከገባ ተቃንቶ፣ ስቱኮ ተቀብቶ፣ አዲስ መስሎ ይወጣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገቡ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ወሬ አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲደበድብ ኖሮ ጆሮው ተደፍኖ ነው እንጂ ኩራት አይደለም ይሉለታል ጎረቤቶቹ፤ እውነታቸውን ነው፣ ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በሰፈሩ ስሙ የተነሣው ግን በመዶሻው ሳይሆን በእንቁራሪቷ ነው። እንቁራሪቷ ዘርጋው በገዛ እጁ የሠራት የመኪና ቀፎ ናት፤ ቅርጿን በሽቦና በጀሶ አውጥቶ፣ ፋይበር ግላሱን ድርብ በድርብ አልብሶ፣ አፍንጫዋን አጭር፣ መብራት የሚገባባቸውን ጉድጓዶች ወጣ ወጣ ያሉ አድርጎ ሠራት። ገና ፎርሟ ሲታይ ሰው ሁሉ ስቆ እንቁራሪት አላት፤ ስሟም በዚያው ጸና። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ሞተር የላት፣ የሚሸከማት ሻንሲ የላት፣ ጎማ የላት፤ ከጋራዡ ጣሪያ በሰንሰለት ተንጠልጥላ፣ ሥር የሚሆናት መኪና እስኪገኝ ድረስ ትጠብቅ ነበር።

በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ፍቃ ያለሰለሰቻት ሚስቱ አስካለ ናት። አስካለ ገበያ ላይ ሎሚ ትቸረችር ነበር፤ ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ጋራዥ ትገባለች። ነፋሱ የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ ይዞ ሰፈሩን ሲሞላው እንኳ እሷ መግባቷ በሎሚው ይታወቅ ነበር። አጭር ሴት ነበረች፤ ጋቢና ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታደርገው ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት መሳብ ነው፣ ያለዚያ እግሯ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ዘርጋው ረጅም በመሆኑ በዚህ ነገር ሲነታረኩ ነው የኖሩት፤ እሷ ወደ ፊት ትስባለች፣ እሱ ወደ ኋላ ይገፋል።

ጋቢና የምትቀመጠው ለስፑርጎ ነው። የፍሬን ዘይት ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ስፑርጎ ይባላል፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፍሬኑን ይረግጣል፤ ሌላው መኪናው ሥር ተኝቶ ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ እየወረደ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ ያወጣል። ከሥር ያለው «ርገጪ» ይላል። ከላይ ያለችው «ያዝኩ» ትላለች። ቡሎኑን አጥብቆ «ልቀቂ» እስኪላት ድረስ እግሯን አታነሣም፤ ቀድማ ካነሣች አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከላይና ከሥር ያሉት አይተያዩም፤ የሚተማመኑት በድምፅ ብቻ ነው። አስካለ ታዲያ አንድም ቀን ዝም ብላ ይዛ አታውቅም፤ «ያዝኩ፤ ቶሎ በል ዘርጋው፣ እግሬ ዛለ» ማለት ልማዷ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከመቂ ሎሚ ጭና ስትመለስ፣ በኮንትራት ይዛ ራሷ ትነዳው የነበረው መኪና ዝናብ ላይ ከመንገድ ወጣ። ሬሳዋን ሰዎች አመጡለት። እንዴት እንደሆነ ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ እጁን አነሣባቸው፤ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ፣ መልኩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ አልጠየቀም። መኪና ሲያይ የኖረ ሰው ይህን አለመጠየቁ ዕድርተኛውን ሁሉ ገረመው። መቂ፣ ወላጆቿ ዘንድ ተቀበረች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፤ እሱ አላለቀሰም። አልቅስ ቢሉት እንቢ ብሎ አይደለም፣ እንባው ከየት እንደሚመጣ ጠፋው። ከዚያ በኋላ ምግቡ አፈር አፈር ይለዋል፤ መዶሻ ጣቱ ላይ ሲያርፍ የሚያመው ቆይቶ ነው።

አንድ ልጅ አለችው፣ ማስተዋል፤ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች፣ ቤቷም እዚያው አጠገብ ነው። እናቷን አልቅሳ ቀብራ፣ አሁን ደግሞ በቁሙ እየሄደባት ያለውን አባቷን ለመያዝ ትታገላለች። «አባዬ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ና እኔ ጋ ኑር» ትለዋለች በመጣች ቁጥር። «እንቁራሪቷን ልጨርስና» ይላታል። የአስካለ ሙት ዓመት ሲደርስ በእንቁራሪቷ መቂ ድረስ ሊነዳ አስቧል፤ የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደዚያ እንዲሆን ቃል ገብቶላት ነበርና። ከዚያ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም፤ ከዚያም በኋላ ልጁ ጋ እንደሚገባ ተስማምተዋል።

በጋው ሊያልቅ ሲል የሚታረድ መኪና ፍለጋ ወጣ። አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አካሉን ቆርጦ ጥሎ፣ ሻንሲውንና ሞተሩን ለሌላ ማዋል በሰፈሩ አነጋገር ማረድ ነው። የተጋጩ መኪኖች የሚሸጡበት ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ በሽቦ ታጥሯል፣ እሾሃማ ሣር በቅሎበታል፣ በነፋስ የሚንኳኳ ቆርቆሮ ከዚያም ከዚህም ይሰማል። ዘበኛው ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ከኋላው ተከተሉት።

መጀመሪያ ያየው አሮጌ ቮልስ ነበር፤ ወለሉን በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርገው እንደ እንጀራ ተበሳ፣ ተወው። ቀጥሎ አንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረች፤ አፍንጫዋ እስከ መሪዋ ድረስ ገብቷል። ለሥራው እንደማትሆን ከሩቅ አየና ሊለካት እንኳ አልተጠጋም፤ ፀሐዩ ስለበረታበት ብቻ ኮቱን አውልቆ ከኋላ ባለው የጭነት ስፖንዳዋ ላይ ጣል አደረገ፣ በፌስታል የያዘውን ዳቦም እዚያው አስቀመጠ። ቆይቶም ተመልሶ፣ ክርኑን ሰማያዊው ላሜራ ላይ አስደግፎ፣ ዳቦውን በላ። ምንም አልተሰማውም። ላሜራው ሞቅ ያለ ነበር።

ነጯ ፒክአፕ ከሜዳው ጥግ፣ ግራር ሥር ነበር የቆመችው። ግጭት የሚባል የለባትም፤ ኮፈኗ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ብቻ። መስኮቶቿ በአቧራ ተሸፍነው ውስጧ አይታይም፣ ጋቢናዋ ተቆልፏል። ዘርጋው ለጋቢናው ግድ አልነበረውም፤ ተቆርጦ የሚጣል ነው። ሥሯ ገብቶ ሲባጎውን ከሻንሲው ማዕዘን ወደ ማዕዘን አሻግሮ ወጠረ፣ ደግሞ በሌላው በኩል ወጠረ፤ ሁለቱ እኩል መጡ። የተጋጨ መኪና ሻንሲ እንዲህ አይመጣም፤ ያልተጋጨም ከስንት አንዴ ነው። እዚያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሳለ፣ በሜዳው ሁሉ የሚንኳኳው ቆርቆሮ እዚህ እንደማይሰማ ልብ አለ። ግራሩ ላይም ወፍ አልነበረም።

ሲወጣ ጋሽ ቱፋ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ያዩታል።

«ምን እንዳገኛት አትጠይቅም?» አሉት።

«ምን ያደርግልኛል ጋሽ ቱፋ። ሻንሲዋ ደህና ነው።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ በሮቿ አመለከቱ። «እንግዲያው በሮቿን ከፍተህ አሳድራት። ሁለቱንም።»

«አውቃለሁ» አለ ዘርጋው።

ያውቃል። የሞጆ ባትላሜራዎች ሁሉ የሚያውቁት ልማድ ነው፤ እሱም ሥራውን ካስተማሩት ከጋሽ ወርዶፋ ነው የወረሰው። የሚታረድ መኪና ሲመጣ የመጀመሪያውን ሌሊት ፊቱ ወደ መንገድ ዞሮ፣ በሮቹ ሁሉ ወለል ተደርገው ተከፍተው ያድራል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ጋሽ ወርዶፋ «ውስጥ ያለው ይውጣ ነዋ» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ አያብራሩም። ዘርጋው አምኖበት ይሁን ሳያምንበት አስቦት አያውቅም፤ እጁን ሳይታጠብ እንደማይበላው ሁሉ በሮቹን ሳያሳድር ቆርጦ አያውቅም፣ በቃ።

ፒክአፗ ከሰዓት በኋላ ተጎትታ መጣች። ፊቷን ወደ መንገድ አዙሮ ከእንቁራሪቷ ሥር አቆማትና በተሰጠው ቁልፍ የሹፌሩን በር ከፈተ። የቆየ የታፈነ አየር ፊቱን ዳሰሰው፤ አየሩም ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር።

እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ከወንበሩ ሥር፣ አቧራው ውስጥ፣ ደርቃ የተኮማተረች አንዲት ሎሚ ተንከባላ ቀርታለች። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፤ ትልቅ ሰው ሊቀመጥበት በማይችል ሁኔታ ከመሪው ጋር ተጣብቋል። የመንገዱ ድምፅ ሁሉ፣ የከባድ መኪናው፣ የባጃጁ፣ የጎረቤቱ ብረት መቁረጫ ፍሌክስ፣ ቀስ እያለ ራቀ። ዘርጋው ያልጠየቀው ጥያቄ መልሱ ፊቱ የቆመ መሰለው። ይህች ናት አለ በልቡ፤ አስካለን የወሰደቻት ይህች ናት። ሊያዝን በተገባው ነበር። እሱ ግን የተሰማው፣ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ነገር፣ ዕረፍት ነው።

«አስካለ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሎሚው ሽታ ወደ ውጭ እየወጣ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ሽታ ጋር እየተቀላቀለ፣ እየሳሳ ሲሄድ ታወቀው። የቀኙ በር የውጭ እጀታው ተሰብሯል፤ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። ለመክፈት ጋቢና ገብቶ መንጠራራት ነበረበት። አልገባም። የከፈተውንም በር፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚሠጋ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

በማግስቱ ፍሬኑን ሊፈትሽ ሥሯ ገባ። ከመታረዷ በፊት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ አለበት። ከሥር ጨለማው ወፍራም ነበር፤ ዘይት፣ ዝገትና የደረቀ ጭቃ ይሸታል፣ ከጎማው በስተጀርባ የምትገባው ብርሃን ጠባብ ናት። ቱቦውን አገናኝቶ፣ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነክሮ፣ ቁልፉን ቡሎኗ ላይ አደረገና፣ ለዓመታት እንዳደረገው ሳያስብ «ርገጪ» አለ። ብሎም ደነገጠ። ረጋጭ እንደሌለው ትዝ ያለው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ከላይ ፍሬኑ ሲጢጥ አለ።

ሲጢጥታው ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ እግር በሙሉ ክብደቱ የሚያርፍበት ዓይነት ነበር። ዘርጋው አልጮኸም። እጁ ለምዶታልና ቡሎኗን ፈታ፤ ዘይቱ ወረደ፣ አረፋው ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ አጠበቀ። «ልቀቂ» አለ። ፍሬኑ ሲጢጥ ብሎ ተመለሰ። ሌላውን ጎማ ሠራ፣ ከዚያ ሌላውን። ጨርሶ ሲወጣ ጋቢናው ባዶ ነበር፣ ወንበሩም እንደተሳበ ነው። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ታጥቦ ሲጨርስ አለመፍራቱ ገረመው፣ ፍርሃቱም እንባው የሄደበት ሄዶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ለምሳ ያዘዘውን ሽሮ ሙልጭ አድርጎ በላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ የቀለለው መሰለ። ጺሙን ተላጨ። ጠዋት ሲገባ ጎንበስ ብሎ በተዘጋው መስኮት በኩል «እንዴት አደርሽ» ይላል፤ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ስቦ የገበያውን ወሬ ያወራላታል፤ እሱ፣ ወሬ የማይወደው ሰውዬ። አንድ ቀን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሄደ፤ ሲመለስ ወደ ፊት ተስቧል። ሣቀ። ሣቁን ሲሰማ የራሱ ድምፅ ጋራዡ ውስጥ እንግዳ ሆነበት። ውሃ ሰውን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል፤ ዘርጋውን ግን በዚያ ሰሞን ያየ ሁሉ ተመስገን፣ ሰውየው ነፍሱ ተመለሰች ነው ያለው።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ስፑርጎ ድምፁም መጣ። «ርገጪ» ሲል ከላይ «ያዝኩ» አለው። የአስካለ ድምፅ ነበር፤ ሻከር ያለ፣ በአፍንጫ ትንሽ የሚወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ቡሎኗን ሳይፈታ ቆየ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀ ነበር። አልመጣም። የሚዝል እግር እንደሌላት ሁሉ፣ እሱ እስከፈለገ ድረስ ያለ አንዲት ቃል ያዘችለት። ሞት አስታግሷት ይሆናል አለና አለፈው።

ያላለፈው አረፋውን ነው። ስፑርጎ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ከተደረገ አየሩ ያልቃል፤ ዘይቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል። የነጯ ፒክአፕ ግን በየቀኑ፣ በየጎማው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን አረፋ ታወጣለች። ቱቦውን ቀየረ፣ መጋጠሚያዎቹን አጠበቀ፣ የሚያፈስ ቦታ ፈለገ፤ የለም። አንድ ቀን ጎኑን ተኝቶ ጠርሙሱን ብቻ ሲያይ ቆየ። አረፋው ቡልቅ ይልና ያርፋል፤ ደግሞ ቡልቅ ይልና ያርፋል፤ መሐሉ ሁልጊዜ እኩል ነው። ከሥር በጨለማው ውስጥ ተኝቶ ሳያስበው ትንፋሹን ከአረፋው ጋር ሲያስተካክል ራሱን አገኘው። ያን ዕለት ቶሎ ወጣ።

ማስተዋል እሁድ ምሳ ይዛ መጣች። የተላጨውን ፊቱን አይታ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ጋራዡ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ፒክአፗን ዞረቻት፣ ተንጠልጥላ ያለችውን እንቁራሪት ቀና ብላ አየች፣ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ይቺን እስካሁን አልቆረጥካትም? ሙት ዓመቱ እኮ እየደረሰ ነው።»

«ፍሬኗን እየሠራሁ ነው።»

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሎሚ ነዋ። አልታወቀሽም?» አለ፣ ፊቱ እየበራ።

ማስተዋል አፍንጫዋን ሰበሰበች። «ሎሚስ አይደለም። ክዳን የተነሣለት የቆየ ጉድጓድ ዓይነት ነው።» ይህን ብላ እጁን ያዘችው፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነበር። «ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ና። መኪናው የትም አይሄድም።»

ዘርጋው እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ለምን እንደሆነ ባያውቅም፣ ልጁ እዚያ ፒክአፗ አጠገብ መቆሟን አልወደደውም። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አላት፤ እሷም አምና ሄደች።

ጋሽ ቱፋ የመጡት ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰማዩ ያለ ጊዜው ጠቁሯል፣ የሰፈሩ መብራትም ጠፍቶ መዶሻና ፍሌክስ ሁሉ ዝም ብሏል። የፒክአፗን ትርፍ ቁልፍ ሊያደርሱ ነው የመጡት፤ ቁልፉን ሰጥተውት ግን አልሄዱም፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ከዘራቸውን መሬት ላይ ያሽከረክራሉ። ግቡ ቢላቸው አልገቡም።

«ይቅር በለኝ ዘርጋው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን አላወቅኩም። ያቺ የሎሚ ነጋዴ ሚስትህ መሆኗን የሰማሁት በቀደም ነው። ባውቅ ኖሮ ሰማያዊዋ ላይ ተደግፈህ ዳቦ ስትበላ ዝም ብዬ አላይህም ነበር።»

ዘርጋው አልገባውም። «የቷ ሰማያዊ?»

«ፒክአፗ ነቻ፤ አፍንጫዋ የገባው። ሴትየዋ የሞተችባት እኮ እሷ ናት። አሁንማ ታርዳ አልቃለች፤ ከመታረዷ በፊት በሮቿን እኔው ራሴ ከፍቼ አሳድሬያታለሁ። ነፍሷን ይማር፣ በሰላም ነው የሄደችው።»

«ይቺስ?» አለ ዘርጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቁ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ውስጥ ሳያዩ መለሱ። «በዚህችማ ማንም አልሞተም። ሎሚ እንደጫነች፣ ሞተሯ እየሠራ፣ በሮቿ ከውስጥ ተቆልፈው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ሹፌሩ የለም። እስከ ዛሬ የለም። አጭር ሰውዬ ነበር አሉ፤ የቀኙን እጀታ ሰብረው ሲከፍቷት ሚስቱ የሱ ሽታ አለበት ብላ ጋቢናውን ይዛ አልላቀቅ ብላ ነበር፣ በግድ ነው ያወጧት።» ከዘራቸው ቆመ። «በሮቿን አሳድረሃል አይደል?»

«አዎ» አለ ዘርጋው።

ጋሽ ቱፋ ሲሄዱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊው ላሜራ ክርኑ ሥር ምን ያህል ሞቅ ብሎ እንደነበር ትዝ አለው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ኮቱ ዘንድ ሄዶ ፊቱን ቀበረበት፤ ያን ቀን ስፖንዳዋ ላይ የጣለው ኮት ነው፣ ምንም አይሸትም፣ አቧራ ብቻ። ያኔ እንባው መጣ። ስትሞት ያልመጣው፣ ስትቀበር ያልመጣው እንባ ወረደ፤ መሬት ተቀምጦ፣ ስሟን እየጠራ፣ እስኪበቃው አለቀሰ። አስካለ ሄዳለች፤ ከሄደች ቆይታለች። ሲበቃው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ ነገ ልጁ ቤት እንደሚገባ አሰበ፤ ማሰቡም ደስ አለው። ተነሥቶ የሹፌሩን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። አሁን ሽታው ለእሱም ሎሚ አልነበረም።

የቀረው የቀኙ በር ነው፤ እሱ ደግሞ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ዘርጋው አንድ ጉልበቱን ወንበሩ ላይ አድርጎ ተንጠራራ፤ አልደረሰም። ገባ። ወንበሩ ወደ ፊት በመሳቡ ጉልበቱ ከመሪው ተጋጨ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ፤ ያገኘው ፍሬኑን ብቻ ነው። እጁን ወደ ቀኙ እጀታ ዘረጋ። ከኋላው የከፈተው በር፣ ነፋስ ሳይኖር፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚሠጋ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከመኪናዋ ሥር፣ ከጨለማው፣ በአስካለ ድምፅ «ርገጥ» የሚል መጣ።

እሷ እንዳልሆነች ያውቃል። ማወቁ ግን እግሩ ዘንድ አልደረሰም፤ እግሩ የተባለውን የሚያደርግ የራሱ እንስሳ ሆኖ ነበር። ፍሬኑ በሙሉ ክብደቱ ወረደ፣ ሲጢጥ አለ። ከሥር ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ ቡልቅ ባለ ቁጥር ከደረቱ አንድ ነገር እየቀለለ፣ መስኮቱ ላይ ያለው አቧራ እየወፈረ፣ ውጭ የጀመረው ዝናብ እየራቀ ሄደ። «ያዝኩ» አለ ዘርጋው። ልቀቅ የሚለውን ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶም፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰማ በሚመስል ትንሽ ድምፅ፣ «ቶሎ በይ፤ እግሬ ዛለ» አለ። ከሥር ማንም አልመለሰለትም።

ማስተዋል ቅዳሜ ጠብቃው ቀረ። ፖሊስም ፈለገው፣ ዕድርተኛውም ፈለገው፣ መቂ ድረስ ተሄደ፣ ጉድጓድና ቦይ ታየ፤ የአስካለ ሙት ዓመት ያለ እሱ አለፈ። ጋሽ ቱፋ የተፈጠረውን ሲሰሙ መናኸሪያ ድረስ መጥተው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሯት፣ አንድ ነገርም አደራ አሏት፤ በቀን ሂጂ፣ በሮቿን ክፈቺ፣ ተይና ሂጂ። እሷም አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥቶ ሰፈሩ በመዶሻ ሲሞላ፣ ጋራዡን ከፍታ ገባች። እንቁራሪቷ በሰንሰለቷ ላይ ናት፤ ኮቱ መሬት ወድቋል። የፒክአፗን የሹፌር በር ሳበች።

ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ለረጅም ሰው እንደሚሆን ሆኖ። ጋቢናው የቆየ ጉድጓድ አልሸተታትም፤ ስቱኮ፣ ቲነርና የልብስ ሳሙና ሸተታት፤ ልጅ ሳለች እንቅልፏ ሲመጣ የምትደገፍበት የአባቷ ትከሻ ሽታ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሽታው ወደ ውጭ እየወጣ እየሳሳ መሄዱ ሲታወቃት፣ «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳያልቅባትም በሩን መልሳ ዘጋችው።